ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጣና በኢንተርኔት የጉዞ መድረኮች መጠየቅና መመለስ፦ የትኛው ይጠቅማል? ከአባላቱስ ጋር እንዴት ይኖራል?

ሽምብጥ
ጥቅምት 12 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር (የውይይት ሰንሰለት) የከፈትኩት ጣና ላይ ለሚሠሩ አስጎብኚዎች፣ ለጀልባ ባለቤቶችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት ያሰበ ሰው፣ ከውጭም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ከመነሣቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ወይ ዓመታት ያለፉት ነው፣ ወይ "ኢንቦክስ ግባ" የሚል ማስታወቂያ። እውነቱን የሚያውቀው የከተማው ሰው ደግሞ ወይ አይጽፍም፣ ወይ የጻፈው ይሰረዝበታል።

ዛሬ ሰው በእርግጥ የሚጠያየቅባቸው መድረኮች የትኞቹ ናቸው? የሚሠራው ከሞተው በምን ይለያል? ከነባር አባላትና ከአድሚኖች ጋር ሳይጋጩ መመለስስ እንዴት ነው? የምታውቁትን በዝርዝር ጻፉልን።

ቤዛዊት
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡25

በጠፋው ልጀምር፤ አሁንም ስሙን የሚያስተላልፍ አለና። የጉዞ መጽሐፍ አሳታሚው የሎንሊ ፕላኔት መድረክ "ቶርን ትሪ" እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ የመንገደኞች ዋና መጠያየቂያ ነበር። ስሙን የወሰደው ናይሮቢ ውስጥ ኒው ስታንሊ ሆቴል ከነበረው ግራር ነው፤ መንገደኞች አንዱ ለሌላው የሚተወውን ወረቀት ግንዱ ላይ ይለጥፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ሰሞን ተዘጋ፤ አልተመለሰም። ስለዚህ "ቶርን ትሪ ላይ ጠይቁ" የሚል ምክር ያለበት ገጽ ካጋጠማችሁ ጽሑፉ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው፤ የጀልባ ዋጋውንም የአውቶቡስ ሰዓቱንም አትመኑት።

አሁን ካሉት ውስጥ ትሪፕአድቫይዘር ሁለት የተለያየ ቤት አለው። አንዱ ሰው ሆቴልና ቦታ የሚገመግምበት ነው፣ ሌላው የውይይት መድረኩ። ብዙ የባሕር ዳር ልጆች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በውይይቱ በኩል ለኢትዮጵያ በጠቅላላው፣ ለባሕር ዳርም ለብቻ ክፍል አለ። የባሕር ዳሩ ጭር ስለሚል ጠያቂዎች ጥያቄያቸውን የኢትዮጵያው ላይ ይጥሉታል፤ ሁለቱንም መከታተል ያስፈልጋል።

ሬዲት ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራ ማኅበረሰብ አለ፣ ብቻቸውን ለሚጓዙ ደግሞ ሌላ ትልቅ ማኅበረሰብ አለ። በመኪና ወይም በሞተር ሳይክል አፍሪካን የሚያቋርጡት የሚጠቀሙት ከዚህ ይለያል፦ "አይኦቨርላንደር" የሚባለው አፕ እና "ሆራይዘንስ አንሊሚትድ" የሚባለው የሞተረኞች መድረክ። አይኦቨርላንደር ላይ ካርታው ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን አብሮት ይታያል፤ ጎርጎራ ወይም ባሕር ዳር ድንኳን መትከያ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ማረፊያ ያላችሁ ነጥባችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑን ብታዩ ጥሩ ነው። መጥቶ በሩን ያጣ ሰው "የለም" ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያንን አምኖ ያልፋል።

ሕይወት ያለውን መድረክ ለመለየት የአባላት ብዛት ምንም አይነግራችሁም። የመጨረሻዎቹን 20 ጥያቄዎች ክፈቱ። ስንቶቹ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ አገኙ? መልሱን የሰጡት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ ሰው ብቻ? ከሁሉ በላይ ግን ጠያቂው ከጉዞው በኋላ ተመልሶ "እንዲህ ሆነልኝ" ብሎ ጽፏል ወይ? ተጓዦች ተመልሰው የሚጽፉበት ቤት አባላቱ ትንሽ ቢሆኑም ይጠቅማል። አንድ ሰው ሁሉንም የሚመልስበት፣ እያንዳንዱ መልስም በስልክ ቁጥር የሚያልቅበት ግን የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

ዓባይ ማዶ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡10

ቤዛዊት የዘረዘረችው ለውጭ እንግዳ ነው። የአገር ውስጥ መንገደኛና ዳያስፖራው የሚጠይቁት ፌስቡክ ግሩፕና ቴሌግራም ላይ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ሥራ ያቆየውም ይኸው የአገር ውስጥ መንገደኛ ስለሆነ ችላ አይባልም።

ፌስቡክ ግሩፕ ስትገቡ የመግቢያ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ባዶ የተዋቸውን ሰው አድሚኑ እንደ ሐሰተኛ አካውንት ቆጥሮ ይጥላል፤ አንድ አንድ መስመር በቂ ነው። ብዙ ግሩፕ ላይ ፖስት በአድሚን ሳይጸድቅ አይወጣም፤ ስለዚህ ጠፋ ብላችሁ ያንኑ ደግማችሁ አትላኩ፤ ሁለቱም አብረው ይሰረዛሉ። ቴሌግራም ላይ ስትገቡ ደግሞ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) "ሰው መሆንህን አረጋግጥ" ብሎ ቁልፍ ያመጣል። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተጫነ ያስወጣል፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ስንቱ "ለምን አባረራችሁኝ" እያለ ይጣላል!

ቀጥሎ ፍለጋ። ቴሌግራም የሚፈልገው የጻፋችሁትን ፊደል ራሱን ነው። "ባሕር ዳር"፣ "ባህር ዳር"፣ "ባህርዳር" ለሱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅም እንደዚያው። አንዱን ፈልጋችሁ "ምንም የለም" አትበሉ፤ ሁሉንም ሞክሩ። በላቲን ፊደልም የከተማው ስም በሁለት በሦስት መንገድ ይጻፋል። ፈላጊ እንዲያገኘው ከፈለጋችሁ የራሳችሁ መልስ ውስጥ የተለመዱትን ሁለቱን አጻጻፎች አስገቡ። ግሩፑ ላይ ከላይ የተሰካውን መልእክት ሳታነቡ አትጠይቁ፤ ደንቡም፣ በብዛት የሚጠየቀው ነገርም እዚያ ነው ያለው።

ደንገል
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ፣ መድረኩን ካገኛችሁ በኋላ ነገር የሚበላሸው ሰዓትና ቀን ላይ ነው።

እኛ "ጀልባው 2 ሰዓት ይነሣል" ስንል ጠዋት ነው። እንግዳው ግን ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት አድርጎ ያነበዋል። መድረክ ላይ ስትጽፉ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፦ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት"። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጁ ነው የሚታተመው፤ የአውቶቡስና የጀልባ ሰው የሚነግራችሁ በእኛው ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሲጠቀም የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል።

ቀኑም እንደዚሁ። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው። በፈረንጁ ግን ጃንዋሪ 19 ሆኖ ይውልና ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት 20 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. 20 ነበር፤ ዘንድሮ 19 ነው፤ እንደገና 20 የሚሆነው በ2020 ዓ.ም. ነው። ከድሮ ፖስት ቀን ቀድቶ የሚመልስ ሰው እንግዳውን አንድ ቀን አሳልፎ ያስገባዋል። የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል የካቲት 16 ዘንድሮ ፌብሩዋሪ 23 ይውላል፤ ዘጌ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በዚያ ቀን ምእመን ይሞላዋል፣ ጀልባውም አስቀድሞ ይያዛል። "በየካቲት መጨረሻ ዘጌ እንመጣለን" የሚል ጥያቄ ሲመጣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመልሱ።

መልሳችሁ ላይ ደግሞ ያያችሁበትን ወር ጻፉ። "ጥቅምት 2018 ባየሁት" የሚል አንድ ሐረግ መልሱን ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚያነበው ሰው እንኳ ጠቃሚ ያደርገዋል፤ ምን ያህል እንደሚያምነው ራሱ ይወስናል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፋችሁትን ማረም የሚቻለው እስከ 48 ሰዓት ነው። ሬዲት ላይ ጽሑፉ ይታረማል፣ ርዕሱ ግን አንዴ ከወጣ አይታረምም። ርዕስ ላይ ዋጋ አትጻፉ።

ኡራ
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ ደንገል ያሉት ላይ የዋጋን ነገር ልጨምር፤ ከአባላት ጋር የሚደረገው ጠብ አብዛኛው ከዚህ የሚነሣ ነውና።

"ዘጌ ስንት ነው?" ለሚል ጥያቄ አንድ ቁጥር መመለስ አይቻልም። ጀልባው የሚከራየው በጀልባ ነው፣ በሰው አይደለም፤ ለሁለት ሰውም ለስድስት ሰውም ነዳጁ ያው ነው። ከዚያ የአስጎብኚ ክፍያ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻ ይከፈላል፣ ቪዲዮ ካሜራ ካለ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። አንዱ አባል የጀልባውን ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉንም ደምሮ ይጽፋል፤ እንግዳው ሁለቱን አስተያይቶ "አንዱ ሌባ ነው" ይላል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሳለ። መልስ ስትሰጡ እንዲህ ጻፉ፦ ጀልባው በጠቅላላ ይህን ያህል፣ ቢበዛ ይህን ያህል ሰው ይይዛል፣ ደርሶ መልስ ነው፣ የመጠበቂያ ጊዜው ይህን ያህል ነው፣ መግቢያና አስጎብኚ ውስጡ አለ ወይም የለም። የሕይወት ጃኬት በሰው ልክ መኖሩንም ጨምሩ። ጠያቂው ባያነሣውም ከልጅ ጋር ለሚመጣ ወላጅ ከዋጋው ይበልጣል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተጻፈ ማንኛውም የብር ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ሆኗል፤ ነዳጁም ተከትሎት ጨምሯል። የድሮ ፖስት ይዞ "ኢንተርኔት ላይ ይህ ነው ዋጋው" ለሚል አባል በቁጣ አትመልሱ። የፖስቱን ቀን አሳዩት፣ የምንዛሪውን ለውጥ ንገሩት፣ በቃ። የተናደደ የባሕር ዳር ሰው መልስ ለሚያነቡት ለሌሎቹ ሁሉ የከተማዋ ጠባይ መስሎ ይታያቸዋል።

ዓባይ ማዶ
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 4፡05

በዋጋው አንድ የማልስማማበት አለ። ክልል መስጠት ይሻላል፤ "ከዚህ እስከዚህ" ማለት። አንድ ቁጥር ከተጻፈ መደራደሪያ ይሆንና ጀልባ ነጂውና እንግዳው ወደቡ ላይ ይጣላሉ።

ኡራ
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 4፡20

ክልሉ ጠባብ ከሆነና ለምን እንደሚለያይ ከተጻፈ እስማማለሁ፤ የሞተሩ ጉልበት፣ ጣሪያ ያለው መሆን አለመሆኑ። እጥፍ ልዩነት ያለው ክልል ግን ለጠያቂው ምንም አልነገረውም።

ሽምብጥ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 7፡15

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ደንገል፣ የሰዓቱ ነገር ወደብ ላይ የሚታየው ጭቅጭቅ ከየት እንደሚመነጭ በደንብ አሳይቷል። አሁን ስለ ስረዛው ንገሩን። አስጎብኚ ሆኖ መልስ የሰጠ ሁሉ ማስታወቂያ ተብሎ ይጠፋል ወይ? ወይስ መንገድ አለው?

ቤዛዊት
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8፡00

መንገድ አለው። ትሪፕአድቫይዘር የውይይት መድረክ ላይ ራስን ማስተዋወቅ ክልክል ነው፤ ስልክ፣ ድረ ገጽ፣ "እኔን አናግረኝ" የሚል ሁሉ ይነሣል። በዘርፉ የሚሠራ ሰው መመለስ ግን አልተከለከለም። መጀመሪያውኑ "ባሕር ዳር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ" ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ጥያቄውን እዚያው በአደባባይ ሙሉ በሙሉ መልሱ። ሙያውን ደብቆ እንደ ተራ መንገደኛ የሚያወድስ ሰው ይነቃበታል፤ ነባር አባላት የድሮ ጽሑፎችን እያገላበጡ ያያሉ። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አንዱን ጀልባ ብቻ የሚያመሰግን አካውንት ወዲያው ይለያል። ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ ራስን መጠየቅና ራስን መመለስ ደግሞ እስከ መታገድ ያደርሳል።

ሬዲት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አዲስ አካውንት የሚጽፈውን ብዙ ማኅበረሰብ በማሽን ያነሣዋል፤ ለጸሐፊው ግን እንዳለ ሆኖ ይታየዋል። ሳምንት ሙሉ መልስ እየጠበቀ ይቀመጣል። ለማረጋገጥ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ፣ ወይም በብራውዘሩ ስውር መስኮት፣ ሊንኩን ክፈቱት። ከሌለ ለሞደሬተሮቹ (ለማኅበረሰቡ ተቆጣጣሪዎች) አንድ ትሕትና ያለው መልእክት ጻፉ፤ "ፖስቴ በማሽን የተነሣ ይመስላል፣ ደንቡን አንብቤያለሁ፣ ብታዩልኝ" በቂ ነው። በአደባባይ መማረር አይጠቅምም። ከዚያ በፊት ግን ለጥቂት ሳምንታት የሌሎችን ጥያቄ እየመለሳችሁ አካውንቱን አሳድጉት። በስማችሁ የተከማቸ ጥሩ መልስ ካለ እንግዳው ራሱ ፕሮፋይላችሁን ከፍቶ ይፈልጋችኋል። ፕሮፋይል ላይ የምትሠሩትን መጻፍ በአብዛኛው ቦታ ይፈቀዳል፤ መልሱ ውስጥ ነው የማይፈቀደው።

ሳይጠየቁ ኢንቦክስ መግባት ከሁሉ የከፋ ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት "ባሕር ዳር ደኅና ማረፊያ አለ?" ብላ ከጠየቀች በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የብዙ ወንዶች መልእክት ከመጣባት፣ የምትደርስበት ውሳኔ ከተማዋን መዝለል ነው። ይህንንም ጽፋ ለሌሎች ትናገራለች። መልሱን እዚያው ጻፉላት፤ ከፈለገች እሷ ትጻፍ።

የዘጌ ልጅ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 12፡30

በዚሁ ላይ የሴቶችን ጥያቄ ልጨምር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አይገባም። ይህን ያላወቀች እንግዳ ሙሉ የጀልባ ከፍላ ጀልባው ውስጥ ስትጠብቅ ትውላለች፤ ዳጋ ደግሞ የሙሉ ቀን ጉዞ ነው። ስለዚህ በቡድኑ ሴት መኖሯን ሳትጠይቁ የገዳም ዝርዝር አትስጡ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ለሴትም ክፍት ናቸው።

መድረክ ላይ "ይህ መድልዎ ነው" የሚል አባል ይነሣል። ክርክሩን ማሸነፍ የእናንተ ሥራ አይደለም። የገዳሙ ሥርዓት መሆኑን፣ ለአገሬው ሴትም ያው መሆኑን፣ የትኞቹ ክፍት እንደሆኑ ጽፋችሁ እለፉ። አለባበሱን ግን በዝርዝር ንገሩ፦ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴት የራስ መሸፈኛ፣ ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ። ፎቶ ስትለጥፉ የመነኮሳትን ፊት ያለ ፈቃዳቸው አታውጡ፤ ውስጥ በፍላሽ አታንሡ።

ሌላም አለ። "የድሮ ብራና ወይም መስቀል የሚሸጥ አለ?" የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይመጣል። አትመልሱለት፣ "ሪፖርት" የሚለውን ተጫኑ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በቀልድ እንኳ "አውቃለሁ" ያለ አባል ስሙ ተመዝግቦ ይቀራል።

ፔዳ ጊቢ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡45

መንገድ ሰላም ነው ወይ ለሚለው ምን ይመለሳል? ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ደንገል
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 1፡10

በጥንቃቄ ይመለሳል። ከ2015 ክረምት በፊት የተጻፈ የመንገድ ምክር፣ የባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትርም ይሁን በደብረ ማርቆስ የሚመጣው፣ ለዛሬ ማስረጃ አይሆንም። "ምንም ችግር የለም ና" የሚል መልስ አትስጡ፤ "አትምጣ" ብላችሁም አትወስኑለት። የምታውቁት በዐይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ነው፤ የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ቀን። የሰማችሁትን ከሆነ የሰማችሁት መሆኑን ጻፉ። ነገ ምን እንደሚሆን አትተንብዩ።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠቁሙት። አንደኛ የራሱ አገር መንግሥት የጉዞ ማሳሰቢያ ምን ይላል? መንግሥቱ አትሂዱ ያለበት ቦታ ሲኬድ ብዙው የጉዞ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ይህን አብዛኛው ጠያቂ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ በዋዜማው በአካል ከተማው ውስጥ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የሚያርፍበትን ሆቴል፣ ደውሎ ይጠይቅ።

የታጠቀ ኃይል የት እንዳለ፣ ኬላ የት እንደቆመ መድረክ ላይ አትጻፉ። ለእናንተም ለሚያነበውም አደጋ ነው። የፖለቲካ ክርክር የገባበት ክር ወዲያው ይዘጋል፤ የጠየቀው ሰው መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ተከራካሪውን ትታችሁ ጠያቂውን በስሙ ጠርታችሁ መልሱለት።

ዓባይ ማዶ
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 2፡35

ቶሎ ቶሎ የሚጠየቁትን ልጥቀስ፤ የሚሰጠው መልስ ደጋግሞ የተሳሳተ ስለሆነ።

ጢስ ዓባይ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድሮ ፎቶ አይታችሁ አትመልሱ። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ገደሉ ላይ የሚወርደው በጣም ይቀንሳል፤ ክረምት ላይና እስከ ጥቅምት ጥሩ ነው። በሚያዝያ የሚመጣ ሰው የሐምሌውን ፎቶ ተስፋ አድርጎ ከሄደ ጥፋቱ የመለሰለት ሰው ነው።

ጣና ላይ መዋኘት። ቢልሃርዚያ (ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ) አለ፤ በግልጽ ጻፉት።

እምቦጭ። ክፉኛ የሚያጠቃው ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው፤ ያንን ፎቶ አይቶ "ሐይቁ አልቋል፣ ጀልባ አይሄድም" የሚል አባል ሲጽፍ ቦታውን ለይታችሁ ንገሩት።

ድሮን። ያለ ቅድመ ፈቃድ ይዞ የገባ ሰው ቦሌ ላይ ይያዝበታል። "ማንም አያይህም" የሚል መልስ ሰውን ማሳሰር ነው።

ቪዛ። የመንግሥቱን የሚመስሉ፣ ተጨማሪ ገንዘብ የሚወስዱ ገጾች ብዙ ናቸው። ትክክለኛው አድራሻ በ"ጎቭ ነጥብ ኢቲ" የሚያልቅ ነው። ሊንክ የሚለጥፍ አዲስ አባል ካያችሁ መጨረሻውን እዩ።

ቀብድ። የአገር ውስጥ እንግዳ ቀብድ በቴሌብር ሲልክ ከማረጋገጡ በፊት የሚታየው ስም ከተነገረው ስም ጋር መግጠሙን እንዲያይ ምከሩት። ተቀባዩ በበኩሉ የክፍያ ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆነውም፤ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ይይ። ገንዘብ የተበላ አባል ግሩፕ ላይ ሲጮኽ አድሚኑ የሁለቱንም ማስረጃ ሳያይ ስም እንዲያወጣ አትገፋፉት።

ሽምብጥ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 9፡20

አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ላይ እንሞክረው። የኢትዮጵያው ክፍል ላይ ዛሬ የወጣ ነው፦ አራት ሰዎች፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ከጃንዋሪ 16 እስከ 20 ባሕር ዳር፣ ግማሽ ቀን ሐይቅ ላይ መሄድ ይፈልጋሉ። ለመልሱ ያዘጋጀሁት ረቂቅ ይኸው፦

"ባሕር ዳር የምሠራ አስጎብኚ ነኝ። ለግማሽ ቀን ዘጌ ይስማማችኋል። ጀልባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሣል፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አይታችሁ በመንገድ ላይ ክብራን ገብርኤልን ትጎበኛላችሁ። ጀልባው የሚከራየው በጠቅላላ ነው።"

የዘጌ ልጅ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 9፡45

ክብራንን አውጣው፣ ሁለቱ ሴቶች አይገቡም። በምትኩ አጠገቡ ያለውን እንጦስ ኢየሱስን አስገባ። ከጀልባ መውረጃው እስከ ኡራ በቡና ዛፍ መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ እንዳለው ጻፍ፤ አንዷ ጉልበቷን የሚያማት ልትሆን ትችላለች። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ በየብስም እንደሚደረስ ጨምር፤ ጀልባ የሚፈሩ አሉ።

ኡራ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 10፡05

"በጠቅላላ" ካልክ በኋላ መግቢያው በየገዳሙ በሰው ለየብቻ መሆኑን ጻፍ፤ ያለዚያ ሁሉንም ያካተተ ይመስላቸዋል። አሁን ያለውን ዋጋ ከወሩ ጋር አስገባ፤ የሕይወት ጃኬቱንም እንዳትረሳ። ለምን በጠዋት እንደሚነሣም ምክንያቱን ንገራቸው፦ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ያናውጣታል። ምክንያቱን ያላወቀ እንግዳ ቁርሱን በልቶ በፈረንጁ 11 ሰዓት ይመጣል።

ደንገል
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 12፡15

"ከጠዋቱ 2 ሰዓት" አጠገብ የፈረንጁን 8 ሰዓት ጨምርበት። ቀኑን ደግሞ ተመልከተው፤ ያሉት ከጥር 8 እስከ 12 ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ከሰዓት ይወርዳሉ፤ 11 ጥምቀት፤ 12 የሚካኤል ታቦት ይመለሳል። በነዚህ ቀናት መንገዱ በሕዝብ ይዘጋል፣ ባጃጅም እንደ ልብ አይገኝም። ለጀልባው ጥር 9ን፣ ማለትም ቅዳሜ ጃንዋሪ 17ን ስጣቸው፤ የቀረውን ለበዓሉ ይተዉት። ማረፊያ ካልያዙ አሁኑኑ እንዲይዙ ንገራቸው። መልሱን የኢትዮጵያው ክፍል ላይ ጥያቄው ካለበት ሥር አስቀምጠው፤ የባሕር ዳሩ ላይ አዲስ ክር አትክፈት።